ስለ ወሊድ ዕቅድ፤ ምጥ ያልታሰበ መንገድ ሲይዝ

ነፍሰ ጡር እናቶች ስለ ወሊዳቸው አስቀድመው እንዲያስቡበት፣ ያሰቡትንም በወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩት በዚህ ወርኃዊ ጽሑፍ ደጋግመን መምከራችን ይታወሳል። ምክሩም ከንቱ እንዳልቀረ በየቤቱ ስንዘዋወር እናያለን። በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ባሉት ቤቶች፣ ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ በግድግዳ ተለጥፎ ወይም ከክትትል ካርዱ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ መገኘቱ ዛሬ ብርቅ አይደለም። በገጹም ላይ የሚወለድበት ጤና ጣቢያ፣ የሚያደርሰው መኪና፣ አብሮ የሚሄደው ሰው፣ ለወጪ የተቀመጠው ገንዘብ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በዚህ ወር ልንናገርበት የፈለግነው ግን በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ ስለማይገኘው ነገር ነው፤ ይኸውም የታሰበው ሳይሆን ሲቀር ምን ይደረጋል የሚለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር የሆነውን ላውሳ። ባለጉዳይዋ ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ሰፈር የምትኖር፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ወጣት ነበረች። እንደ ብዙዎቹ የተራራው ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ሽሮ ሜዳ በመውረድ ትተዳደር ነበር። (ነፍሰ ጡር ሴት ስለምትሸከመው ሸክም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያሻው አሁን አልገባበትም።) የእርግዝና ክትትሏን አላጓደለችም። ወረቀቷም አምስት መስመሮች ነበሩት። ልጇን በጤና ጣቢያው እንድትወልድ፤ ወደዚያ የሚወስዳት ባለቤቷ እንዲሆን፤ የሚሳፈሩበት የጎረቤታቸው ታክሲ እንዲሆን፤ አማቷ ከአጠገቧ እንዳይለዩ፤ በመጨረሻም ከሌሎቹ ጎላ ባሉ ፊደሎች፣ ያለ ኦፕራሲዮን እንድትወልድ።

በሰባተኛው ወር ስትመረመር ልጁ መቀመጫውን ወደ ታች አድርጎ ተገኝቶ ነበር። ይህ በዚያ ጊዜ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም፤ አብዛኞቹ ልጆች ከዚያ በኋላ ይገለበጣሉና። በመውለጃው ጊዜ በመቀመጫቸው እንደሆኑ የሚቀሩት ከመቶ 3 ወይም 4 ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዘጠነኛው ወር ተመልሳ እንድትታይ ቀጠሮ ተሰጣት። የሽርት ውሃዋ የፈሰሰው ግን ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለ21 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር።

ዝናብ ይጥላል፤ ጉሙም ሰው ከሰው አያስተያይም። ባለቤቷ ከተማ ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ስለሆነ በቤት አልነበረም፤ ስልኩም አይመልስም። ባለታክሲው ጎረቤት ለለቅሶ ወደ አገሩ ሄዷል። አማቷ ብልህና ርኅሩኅ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ልጃቸው በሌለበት ምራታቸውን ይዘው በሌሊት ለመውጣት ሥልጣን ያላቸው አልመሰላቸውም። «ወረቀቱ እሱ ይወስዳታል ይላል፤ እንጠብቀው» አሉ። ጠበቁትም። አራት ሰዓት አለፈ። ወፍ ሲንጫጫ፣ ለማርያም ሊሳለሙ የሚመጡትን ምእመናን ካወጡት መኪኖች አንዱን ለምነው፣ ንጋት 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጤና ጣቢያው ደረሱ።

አዋላጅ ነርሷ መርምራ ልጁ በመቀመጫው እንደመጣ፣ ምጡም እየገፋ እንደሆነ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንደሚገባ ነገረቻቸው። በዚህ ጊዜ ባለቤቷ እየሮጠ ደርሶ ነበር። እሱም እናቱም በአንድ ቃል እምቢ አሉ። «እዚሁ ነው የቆረጥነው፤ በማርያም ዕለት ሆዷ አይቀደድም» አሉ። አዋላጇ አልተቆጣችም። ወደ ወላዷ ዘወር ብላ «እህቴ፣ ወረቀቱ ያንቺ ነው፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ወላዷም «ልጄ በሕይወት ይውጣልኝ እንጂ በየትም በኩል ይውጣ» አለች። አማትየዋ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመው ተነሡ። አምቡላንስ ተጠራ፤ ሆስፒታል ደረሰች፤ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ዳኑ። ውሃው ፈሶ፣ ልጁ በመቀመጫው ሆኖ፣ እነዚያ አራት ሰዓታት ሲባክኑ እትብቱ ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃል እጽፈው ነበር።

በኋላ ወረቀቱን ተቀብዬ ደጋግሜ አነበብሁት። ከአምስቱ መስመሮች አንዱም ስሕተት አልነበረበትም። ጉድለቱ እያንዳንዱ መስመር በአንድ እግሩ ብቻ የቆመ መሆኑ ነው። አንድ ባል፣ አንድ መኪና፣ አንድ የመውለጃ ስፍራ፣ አንድ የአወላለድ መንገድ ብቻ ተጽፏል። ከሁሉ ይልቅ የጎደለው ደግሞ፣ ባልየው በሌለበት ሰዓት «እንነሣ» የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ አለመጻፉ ነው።

የወሊድ ዕቅድ የሚባለው ነገር በምዕራባውያን አገሮች መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1980 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ በእነዚያ አገሮች ወላዶች ወደ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ያለ ፈቃዳቸውና ያለ በቂ ምክንያት ብዙ ነገር ይደረግባቸው ስለነበር፣ እናቶች የሚወዱትንና የማይወዱትን ጽፈው ማቅረብ ያዙ። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ሁለትና ሦስት ገጽ የሞላ ዕቅድ ይዘው የሚመጡ ወላዶችን አይቻለሁ። ስለ መብራቱ ድምቀት፣ ስለ ሙዚቃው፣ እትብቱን ስለሚቆርጠው ሰው ሳይቀር ተጽፎበታል። ያስተማሩኝ አንዲት አረጋዊት አዋላጅ እነዚህን ወረቀቶች በአክብሮት ይቀበሉና፣ ከአንብቡ በኋላ ለእናቲቱ እርሳስና ላጲስ ይሰጧት ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በአገራችን የዕቅዱ ሥር ከዚህ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ ዕቅድ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ በሰዓቱ መድረስ ማለት ነው። ሲሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ፣ እናቶች የሚሞቱት በሦስት ዓይነት መዘግየት መሆኑን ገልጠዋል። አንደኛው በቤት ውስጥ ለመሄድ ለመቁረጥ መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና እስኪያገኙ መዘግየት ነው። ከላይ ታሪኳን የነገርኋችሁ እናት በአንዲት ሌሊት አንደኛውንም ሁለተኛውንም ቀምሳለች። ከአንደኛው ዓይነት ደግሞ ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ከቤት ለመውጣት፣ አንዴ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ለመዛወር።

በአዲስ አበባ እናቶች በቤት ይወልዳሉ ብሎ የሚያዝን ሰው ቢኖር ዘመኑ ተለውጧል ልንለው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአዲስ አበባ ከመቶ 97 የሚሆኑት ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙ ነበሩ። በመላው አገር ግን በዚያው ዓመት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥርም በ2000 ጥናት 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ስለዚህ ለከተማችን ሰው ቀሪው ጥያቄ ተቋም መሄድ አለመሄድ ሳይሆን፣ መቼ መሄድና ከዚያም ወዴት መዛወር የሚለው ነው።

የእንጦጦ ነዋሪ «እኛ ገጠር አይደለንም፤ ከተማው ከእግራችን በታች ነው» ይላል። እውነት ነው፤ መብራቱ ከበራችን ላይ ይታያል። ነገር ግን ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ሌሊት ጉም ይወድቅበታል፤ ታክሲም አይገኝም። በማርያም ዕለት፣ ወሩም በገባ በ1ኛው ቀን በራጉኤል፣ መንገዱ በምእመናን ይሞላል። በ2013 ዓ.ም. መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሰንበት እንግዳው በዝቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ቢደፉም፣ ቤተ መንግሥቱና ከተማው ከብርዱና ከማገዶ እጦቱ የተነሣ ወደ ፍል ውኃ ወርዶ ነበር። ከተራራው ለመውረድ የሚያስገድድ ምክንያት በሕዝቡ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት መለካት እንዲገባ የሚያሳየው ከዚህ የሚከተለው ግምት ነው። የእናቶችን ሞት ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ሕክምና ካላገኘች፣ ከወለደች በኋላ ደም የሚፈስሳት ሴት ደሙ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በአማካይ 2 ሰዓት ብቻ አላት። ከመውለዷ በፊት ለሚፈስሳት 12 ሰዓት ገደማ፤ ማሕፀኗ ለተቀደደባት 1 ቀን፤ በደም ግፊት ምክንያት መንቀጥቀጥ ለያዛት 2 ቀን፤ ምጡ ለታገደባት 3 ቀን፤ በመግል አምጪ ተሕዋስያን ለተመረዘች 6 ቀን ያህል ነው። እንግዲህ ባል እስኪመጣ አራት ሰዓት የጠበቀው ቤተ ሰብ፣ እናቲቱ ደም የሚፈስሳት ብትሆን ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ እጥፍ ዘግይቶ ነበር ማለት ነው። ይህ ችግር ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም፤ በእርግዝናዋ ወራት አንዳች ሕመም ያልነበራት ሴት ድንገት ልትደማ ትችላለች።

ሐኪሞችና አዋላጆችም ቢሆኑ ዕቅድ ይይዛሉ፤ የእነርሱ ዕቅድ ግን መለወጫው ከውስጡ የተሠራ ነው። በምጥ ክፍል ውስጥ አዋላጇ በየጊዜው ምልክት የምታደርግበት ሰንጠረዥ አለ፤ ፓርቶግራፍ ይባላል። የዛሬ መልኩን የያዘው በአፍሪካ ምድር ነው። ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972፣ ያን ጊዜ ሶልስበሪ በምትባለው በዛሬይቱ ሐራሬ፣ ከሩቅ ስፍራ የሚመጡ እናቶች እየዘገዩ መድረሳቸው ስላሳሰባቸው በሰንጠረዡ ላይ ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሰመሩ። አንደኛው የማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛው የእርምጃ መስመር ይባላል። የእናቲቱ ምጥ የማስጠንቀቂያውን መስመር ካለፈ አዋላጇ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ማዛወርን ታስባለች። በሁለቱ መስመሮች መካከል የ4 ሰዓት ርቀት አለ፤ ይህም የተቀመጠው ለመንገዱ ነው። መኪና ለመጥራት፣ ለመሳፈር፣ ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ተቆጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ና በ1991 በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከ35,000 በሚበልጡ እናቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሰንጠረዡ በሥራ ላይ ሲውል ከ18 ሰዓት በላይ የሚዘልቀው ምጥ ከመቶ 6.4 ወደ 3.4 ዝቅ ብሏል።

ሳይንሱ ራሱ ዕቅዱን እንደለወጠም መደበቅ አይገባም። እኔ በተማርሁበት ጊዜ የማሕፀን በር በየሰዓቱ 1 ሳንቲ ሜትር መከፈት አለበት ተብሎ እንደ ሕግ ይነገር ነበር፤ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፍሪድማን ከተባለው ሐኪም ጥናት የመጣ ነው። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ልጅ ደኅና እስከሆኑ ድረስ ይህ ፍጥነት ለብዙ ሴቶች የማይመች መሆኑን፣ በዚህ ብቻ ተመርኩዞ ምጥን ለማፋጠን ወይም ለኦፕራሲዮን መቸኮል እንደማይገባ አስታወቀ። ስለዚህ ለወላዷ «ዕቅድሽን ለመለወጥ ዝግጁ ሁኚ» የምንላት እኛም የምንለውጥ ሰዎች ስለሆንን ነው።

የመንገዱና የሰዓቱ ነገር ለድሃ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በለንደን ከተማ የነርስነትን ሙያ የተማሩ ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር በወለጋ፣ በለቀምት ሳሉ፣ በነሐሴ ወር ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው መታሰቢያ የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1959 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አዋላጆችን ለማሠልጠን ከአውስትራሊያ የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። በዚያም ምጡ ለቀናት ታግዶባቸው፣ ልጃቸውንም ሽንታቸውን የመቋጠር ጤንነታቸውንም ያጡ ሴቶችን አገኙ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬም ከ60,000 በላይ ሴቶች በዚያ ታክመዋል። እኔ ይህን ቁጥር በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ጥገናው ጥበብ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዷ ሴት በምጥ ላይ ሳለች «ትንሽ እንጠብቅ» ተብሎ ስለተነገረባት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ እንዴት ይጻፍ? ገጹን በመካከሉ አስምሮ ለሁለት መክፈል ነው። በቀኙ በኩል የታሰበው ይጻፋል፤ በግራው በኩል አንድ ቃል በራሱ ላይ ይጻፍበታል፤ «ባይሆንስ?» የሚል። ባል ባይኖርስ? ባለመኪናው ባይገኝስ? ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ቢያዛውርስ፣ ወደ የትኛው፣ በምን፣ ከማን ጋር? በቤት የቀረውን ሕፃን ማን ይይዛል? ለእያንዳንዱ መስመር ሁለተኛ ስም፣ ቢቻል ሦስተኛም ይጻፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራበት 907 ቁጥር በጉልህ ይጻፍ፤ እርሱም ቢዘገይ የመኪና ባለቤት የሆነ የእድር አባል ስልክ ይታከልበት። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነጻ ነው፤ ሆኖም ለመጓጓዣና ለድንገተኛ ነገር ጥቂት ገንዘብ በእናቲቱ እጅ እንጂ በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ አይቀመጥ። የደሟ ዓይነት ይታወቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ባልና ሚስት፣ አማትም ባሉበት፣ በጤናው ቀን ተቀምጠው አንድ ነገር ይቁረጡ፤ ምልክት በታየ ሰዓት በቤት የተገኘ አዋቂ ሁሉ፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ ማንንም ሳይጠብቅ ወላዷን ይዞ መውጣት እንዲችል። በአገራችን ባሕል ለትልቅ ሰው ሳይነግሩ መውጣት ድፍረት ይመስላል። ስለዚህ ፈቃዱ አስቀድሞ ከትልቁ ሰው አፍ ይነገር። አንድ የሰፈሩ አባወራ ይህን ከነገርሁት በኋላ ሚስቱን በጎረቤቶች ፊት «እኔ ከሌለሁ ሰማይ ቢወድቅ አትጠብቂኝ» ብሏታል። ከብዙ ስብከቴ ይልቅ ያች ንግግር ጠቅማለች።

ስለ ጸበል ደጋግሞ ስለምንጠየቅ እመልሳለሁ። ወላዲቱ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብትጠመቅ ወይም ብትጠጣ የሚከለክላት ሐኪም የለም። በምጥዋም ሰዓት ሴቶቹ ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ቢሉላት ብርታት ይሰጣታል እንጂ የሚጎዳት የለም። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጸበል ጀምሬያለሁ ብላ የደም ግፊት ወይም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናን መክረዋልና። ሁለተኛ፣ ከሩቅ መጥታ በጸበሉ አካባቢ የከረመች ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የምትወልደው በዚህ እንደሚሆን ቆጥራ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንገር። እንዲህ ያሉ እናቶች ዕቅዳቸው በትውልድ አገራቸው ቀርቶ እዚህ ያለ ስምና ያለ ካርድ ምጥ ይይዛቸዋል።

ስለ ኦፕራሲዮንም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ባለፈው የጠቀስሁት የ2016 ጥናት በአዲስ አበባ ከመቶ 21 የሚሆኑት ወሊዶች በኦፕራሲዮን እንደተፈጸሙ ያሳያል፤ በመላው አገር ግን ከመቶ 2 ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንዳለው በአንድ ሕዝብ ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ 10 ሲያልፍ የሚሞቱትን እናቶችና ሕፃናት ቁጥር የበለጠ አይቀንስም። ስለዚህ ያለ ምክንያት የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ምክንያት ሲኖር ደግሞ የሚፈራ ነገር አይደለም። እናቲቱም «ለምን አስፈለገ?» ብላ የመጠየቅ፣ መልሱንም በሚገባት ቋንቋ የማግኘት መብት አላት። በሰፈራችን «ሳታምጥ ወለደች» እየተባለ የሚነገረው ወሬ ግን ብዙዎችን ሆድ አስብሷል። ያች የነሐሴዋ እናት ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ ለሳምንታት ከሰው ትሸሸግ ነበር። ጠያቂዎች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏት፣ «እኔን የማረኝ ቢላዋ ነው» ብላ መለሰች ይባላል። እንዲህ ዓይነቱን ኀዘን በቀልድ ማለፍ አይገባም፤ በምጥ ላይ የተለወጠ ዕቅድ በልብ ውስጥ እንደ ሽንፈት ይቀመጣልና፣ ያዋለዳት ባለሙያ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ሊነግራት ይገባል።

ዕቅድ ይለወጣል ማለት የእናቲቱ ፈቃድ ይጣላል ማለት ከቶ አይደለም። የእርሷ ፈቃድ ሳይጎዳት ሊፈጸምላት የሚችል ነገር ብዙ ነው። እናቷ ወይም እኅቷ ከአጠገቧ እንዲቆሙ፣ በምጥ ጊዜ እንድትራመድ፣ በሚመቻት አኳኋን እንድትወልድ፣ ከወለደችም በኋላ ገንፎዋን እንድትቀምስ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና ማዘጋጀት የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ነገር እኔም በደለኛ ነኝ። ከውጭ አገር እንደተመለስሁ፣ በምሠራበት ስፍራ አንዲት እናት እንደ አገሯ ልማድ ተንበርክካ መውለድ ፈልጋ ነበር። እኔ ግን የተማርሁት በአልጋ ላይ ስለነበር በጀርባዋ እንድትተኛ አስገደድኋት። ልጁ በደኅና ተወለደ። እርሷ ግን ሁለተኛ ልጇን በቤቷ እንደወለደች ሰማሁ። ለመለወጥ እምቢ ያልሁት እኔ ነበርሁ፤ የሸሸችውም ከሆስፒታሉ አልነበረም።

ዕቅዱን ወዲያው ትቶ ለመነሣት የሚያስገድዱትን ምልክቶች ቤተ ሰብ ሁሉ በቃል ይያዛቸው። ጥቂትም ቢሆን በእርግዝና ጊዜ የሚታይ ደም፤ ከወሊድ በኋላ ጨርቅ እየለወጠ የማይቆም ደም፤ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን መፍዘዝ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም መንቀጥቀጥ፤ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ይልቁንም ውሃው አረንጓዴ ወይም ሽታ ያለው ከሆነ፤ ትኩሳት፤ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ከራሱ በፊት እጅ፣ እግር ወይም እትብት መታየት፤ 12 ሰዓት ያለፈው ምጥ፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልወጣ የእንግዴ ልጅ። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ሽማግሌ አይጠራም፤ መኪና ይጠራል።

መንገዱ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ደግሞ አስቀድሞ መውረድ የሚባል ዘዴ አለ። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ፣ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ በሆስፒታሉ ግቢ እየቆዩ ምጣቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ ቤት ተሠርቶ ብዙዎችን አድኗል፤ ዛሬም በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያዎች ይኸው ልማድ ሰፍቷል። ለእንጦጦ ሰው ማቆያ ቤት ባይኖርም ዘመድ አለው።

ያች እናት ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ልጇን አረገዘች። ኦፕራሲዮን የተደረገላት ሴት በሚቀጥለው እርግዝና በምጥ ልትወልድ ትችላለች፤ ነገር ግን የቀድሞው ጠባሳ እንዳይቀደድ የግድ ኦፕራሲዮን በሚደረግበት ሆስፒታል መሆን አለበት። ይህን ነግረናት፣ አዲሱን ወረቀቷን አመጣችልኝ። ግራው ከቀኙ ረዝሟል። ከአማቷ ስም በታች የሁለት ጎረቤቶች ስም አለ፤ ከባሏ ስልክ ጎን የአሠሪው ስልክ አለ። ያለ ኦፕራሲዮን የሚለው መስመር አሁንም በጎላ ፊደል ተጽፏል፤ ከጎኑ ግን በቀጭን እርሳስ «ካልሆነም ይሁን» የሚል አለ። በስድስት ኪሎ አቅራቢያ የምትኖር አክስቷ ቤት ለመክረም ማክሰኞ ሊወርዱ አስበው ነበር። አማትየዋ ግን ሰማዩን አይተው «ዝናብ አለ፤ ዛሬውኑ እንውረድ» ስላሉ ዓርብ ወረዱ። ምጡ እሑድ ማለዳ መጣ፤ በእግራቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ በምጥ ተወለደ። ገንፎውን ያገነፉት አማትየዋ ናቸው፤ ለእኔም በሳሕን ልከውልኛል።